ኩለኒ አፕስቴርስ ናት

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላሠራ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄጄ ነበር። ዋጋ ልከራከር ምላሴን ስዬ ነው የገባሁት። ግን ደጁን ገና ከመርገጤ አዲስ የተላገ የዋንዛ ሽታ ተቀበለኝና የምለው ሁሉ ጠፋኝ። ያ ሽታ ለሌላው ሰው የእንጨት ሽታ ነው፤ ለእኔ የኦቦ ቶለሳ ቤት ደረጃ ነው። ዝም ብዬ መቆሜን ያየው አናጢ በርጩማ አቀረበልኝና «አዮ፣ ደከመዎት እንዴ? አረፍ ይበሉ» አለኝ። አዮ እኛ አገር እናት የምትጠራበት ነው፤ ሽበት ላወጣች ሴት ሁሉም ይባላል። ምን እየሠራ እንደሆነ ብጠይቀው ደረጃ ነው አለኝ። «ቤት ውስጥ ለውስጥ የሚወጣ ነው። ሲሚንቶው ሰለቸን ብለው አሁን ባለሀብቱ ሁሉ የእንጨት ይሁንልኝ ይላል።» ስለ መደርደሪያው አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ቤት ስገባ ልጄ «ስንት አለሽ?» ቢለኝ፣ ሌላ ቀን እጠይቃለሁ ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ ፎቅ ብርቅ አይደለም። ጂ ፕላስ ሁለት፣ ጂ ፕላስ አራት እየተባለ ይጠራል፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ «የትኛው ፎቅ ጋ ላውርድዎት?» ይላል። በእኛ ጊዜ «ፎቁ» ከተባለ በቃ፣ የማን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሌላ ባለ ደረጃ ቤት አልነበረም ብዬ አልምልም፤ ለእኛ ለልጆቹ ግን አንድ ነበር፣ የቡናና የቆዳ ነጋዴው የኦቦ ቶለሳ። ምድር ቤቱ ሱቅና መጋዘን ነው፤ አቡጀዲ፣ ላምባ፣ የልብስ ሳሙና ይሸጥበታል። ቤተሰቡ የሚኖረው ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በአምስት፤ ስሙኒ የያዘ ልጅ ጓደኞቹን ጋብዞ ተኮፍሶ ይወጣ ነበር። ሻይ ቤቱ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። አንደኛው ሸክላ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ «ናፈቅሽኝ» የምትለው ላይ ሲደርስ ይነክሰውና ናፈቅሽኝ፣ ናፈቅሽኝ፣ ናፈቅሽኝ ሲል ይቆያል፤ አሳላፊው መጥቶ መርፌውን እስኪያነሳው ድረስ መንገደኛው ሁሉ አብሮ ይላል። ወንዶቹ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን አጎፍረው ግድግዳውን ይደገፋሉ። እኛ ሴቶቹ በሰማያዊ የደንብ ልብስና በሸራ ጫማ፣ እንዳላየ ሆነን ሁለት ጊዜ እናልፋለን። ሸራ ጫማችንን በጠመኔ ነበር የምናነጣው፤ ዝናብ ከመጣ እግራችን ሁሉ ወተት ይመስላል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ተሊላ ይባሉ ነበር። የጊምቢ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባታቸውን አጥብቀው የሚያስሩ፣ ሲስቁ ደግሞ አፋቸውን በመጽሐፍ የሚሸፍኑ። አንድ ቀን «አፕስቴርስ» የሚል ቃል መጣብን። መጽሐፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ቤት ተሥሏል፤ እናትየዋ ከታች ታበስላለች፣ አባትየው ከላይ ጢሙን ይላጫል። ትርጉሙ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በላይ ማለት ነው አሉን። ገባን አልን። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉን ግን ጉዳችን ወጣ። አንዱ «ጦጣው አፕስቴርስ ነው» አለ፣ ዛፍ ላይ ማለቱ ነው። የቄሱ ልጅ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ «እግዚአብሔር አፕስቴርስ ነው» አለ። መምህር ተሊላ መጽሐፉን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የለም፣ ልጄ። እግዚአብሔር ደረጃ አያስፈልገውም። ይህ ቃል ለዛፍም ለተራራም አይሆንም። ቤት ይፈልጋል፣ ቤቱም ደረጃ ይፈልጋል፣ ደረጃውም የሚወጣው ሰው ይፈልጋል።» እኔም በተራዬ «ሂድ» ከሚለው ጋር ለማያያዝ ብዬ መሐል ላይ «ቱ» ጨመርኩበት። «አስናቀች፣ ‹ቱ› እዚህ ምን ትሠራለች? ጎ አፕስቴርስ፣ በቃ። ቃሉ ራሱ ያደርስሻል» አሉኝ። ከዚያ ጠመኔያቸውን አስቀመጡና፣ ይህ በጥቁር ሰሌዳ የሚሆን አይደለም ብለው አሰልፈው ወደ ፎቁ ወሰዱን።

ኦቦ ቶለሳ ግዙፍ፣ ድምፃቸው የሚያስፈራ ሰው ነበሩ፤ ለትምህርት ከሆነ ግን እሺ ይላሉ። «ወንዶቹ ጫማቸውን ይጥረጉ» ብቻ አሉ። ደረጃው ከዋንዛ የተሠራ፣ በሰም የታሸ፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ ነበር። መምህር ተሊላ ከሥሩ ቆሙና በየተራ «ጎ አፕስቴርስ» እያሉ ይልኩን ጀመር። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሮጬ ወጣሁ። ላይ ስደርስ መስኮቱ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ እኩያዬ የሆነች ልጅ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትጠልፋለች፤ እግሮቿ በጋቢ ተሸፍነዋል። ከታች መምህሩ በእንግሊዝኛ «ማን ነው አፕስቴርስ ያለው?» ብለው ተጣሩ። እኔ ግን ልጅቷን ማየት ላይ ነበርኩ። እሷ መርፌዋን ከጨርቁ ሳታነሣ፣ ከእኛ ከሁላችን በጠራ አነጋገር «ኩለኒ ኢዝ አፕስቴርስ» አለች። ትምህርቱን ሁሉ ከላይ ሆና ስታዳምጥ ነበር ለካ። መምህር ተሊላ ከታች ቀና ብለው ወደ ደረጃው አናት አዩ። ከዚያ «ቬሪ ጉድ፣ ኩለኒ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ኩለኒ የኦቦ ቶለሳ ልጅ ናት፤ በሕፃንነቷ በሽታ እግሯን ወስዶባት ነበር። አባቷ እሷን ላይ ያኖሯት አፍረውባት አይደለም፤ ይህን ዛሬም ቢሆን በክፉ የሚያነሣባቸው ሰው ካለ እጣላለሁ። ከአቧራው፣ ከጭቃው፣ ከጉንፋኑ ትራቅልኝ ብለው ነው። ከተማው ያለውን ሁሉ ከመስኮት ታያለች፣ ምን ጎደለባት ይሉ ነበር። እኛም እንደዚያው እናስብ ነበር። ፎቅ ላይ መኖር የሚመኙት እንጂ የሚያዝኑለት አይመስለንም ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ እሷ ጋ መውጣት ልማዴ ሆነ። እናቷ አደ ጫልቱ ቆሎ በሰፌድ ያቀርቡልናል፤ የቀኑን ትምህርት ደግሜ አስተምራታለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ እሷ እኔን ማስተማር ጀመረች። መስኮቷ በስተ ዳገቱ የትምህርት ቤታችንን ባንዲራና የግቢውን እኩሌታ ያሳያል። ደወሉን ትሰማለች። ስንሰለፍ ታየናለች። አንድ ቀን፣ ጥልፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «አስኒ፣ እናንተ ያንን ቃል ለማወቅ ወደ እኔ ወጣችሁ። የቀረውን ሁሉ ለማወቅ ግን እኔ መውረድ አለብኝ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ለመምህር ተሊላ ነገርኳቸው።

መምህሩ ኦቦ ቶለሳን ለማግባባት የፈጀባቸው ጊዜ ቀላል አልነበረም። ሽማግሌም ላኩ፣ ራሳቸውም መጡ። «ማን ይሸከማታል?» ነበር የአባትየው ጥያቄ። ተሽከርካሪ ወንበር በእኛ ከተማ ማንም አላየም። ጡት ያጎጠጎጠች ልጅ በወንድ ጀርባ ታዝላ በገበያ መሐል አታልፍም። በወንበር ቢሉ ቁልቁለቱ ይጥላታል። በመጨረሻ መምህር ተሊላ የዕድሩን ቃሬዛ አሰቡ። ለጊዜው በቃሬዛ ትምጣ፣ ከለመደች በኋላ የሚያስተማምን ወንበር እናሠራላታለን አሉ። የዕድሩ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ቃሬዛ ጤነኛ ሰው ተጭኖበት አያውቅም፣ መምህር» አሉ። ግን ሰጡ። ኦቦ ቶለሳም ፈቃዳቸውን ሰጡ፤ ልጃቸው አለቀሰችባቸው መሰለኝ። አደ ጫልቱ ከገዛ ሱቃቸው አዲስ ሸራ ጫማ አውርደው፣ መሬት ረግጠው ለማያውቁት እግሮቿ አጠለቁላት። በጠመኔ ሳይሆን ራሱ ነጭ የሆነ ጫማ ነበር።

የወረደችው በገበያ ቀን ነው። ያ ነው ስህተቱ፣ ስህተት ከተባለ። መምህር ተሊላ ክፍል ውስጥ ቦታ ሊያዘጋጁላት ቀድመው ሄዱ። ከትልልቆቹ ክፍሎች የመጡ ወንዶች ቃሬዛውን ተሸከሙ፤ እኔ ደብተሯን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። አደ ጫልቱ ፀሐይ እንዳይነካት ብለው በነጭ ጋቢ እስከ አንገቷ ሸፍነዋታል። ነቀምቴ ያደገ ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መንገር አያስፈልገውም፤ ለሌላው ግን ልንገር። በእኛ አገር መንገድ ላይ ቃሬዛ የገጠመው ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ሸክሙን ያወርዳል፣ ሮጦ ትከሻውን ያስገባል፣ የደከመውን ይለቃል፣ አቅሙ እስከቻለ ይሄድና ለሚቀጥለው ያስረክባል። ማን ነው፣ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቁ ራሱ ማዘግየት ነው። ገና ከሻይ ቤቱ ሳንርቅ፣ ከጉቴ በኩል ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ማር የጫኑ አህዮቻቸውን ጥለው ደረሱ። «እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ትጥሏታላችሁ፣ ልቀቁ» አሉ። ልጆቹ ለትልቅ ሰው እምቢ የሚሉበት አፍ ከየት ያምጡ። ለቀቁ። ሰዎቹ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ኩለኒ «አኒ ዱኩብሰቱ ሚቲ» እያለች ትጮኻለች፣ በሽተኛ አይደለሁም ማለቷ ነው። «ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፋት» አለ አንዱ፣ ሆዱ እየባባ። እኔም በአቅሜ «ወደ ትምህርት ቤት ነው! ወደ ትምህርት ቤት!» እላለሁ። አንዲት እናት አቀፈችኝና «አይዞሽ፣ እህትሽ ትድናለች» አለችኝ።

መንታ መንገዱ ጋ ሲደርሱ የያዟት ሰዎች ሌሎች ነበሩ። ወደ ቀኝ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ወደ ግራ ሆስፒታሉ። ቃሬዛ ወደ ቀኝ ዞሮ አያውቅም። ወደ ግራ ታጠፉ። እዚያ ላይ የኩለኒ ጩኸት ሲቋረጥ ሰማሁ፤ ተስፋ ቆረጠች ብዬ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ወጥቶ «ምን ሆና ነው?» ሲላቸው፣ የተሸከሙት ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ «እኛ ምን እናውቃለን፣ መንገድ ላይ ነው የተቀበልናት» አሉት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ እስቃለሁ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ወሬው ገበያ ደርሷል፣ የኦቦ ቶለሳ ልጅ በቃሬዛ ሆስፒታል ገባች ተብሏል። ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዛወር ደግሞ ነገሩ እየከበደ ሄዷል። አደ ጫልቱ ነጠላቸውን አገልድመው፣ እየጮኹ ደረሱ። ኦቦ ቶለሳ ልጃቸውን በገዛ ክንዳቸው አቅፈው ሲመለሱ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ለቀስተኛ ተቀምጦ ነበር። በሕይወት ባለች ልጅ ላይ ለቅሶ ተለቀሰ። ሰውየው ምንም ጽኑ ቢሆኑ ይህን አይችሉም። ለቀስተኞቹን አመስግነው ሸኙ፤ ደረጃውን እንዳቀፏት ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት ቤት የሚያነሣባቸው ሰው እንዳይመጣ ለሽማግሌዎቹ መልእክት ላኩ። ማንን ልውቀስ? ገበሬው ማሩን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሮጠው። ክፉ ሰው ቢያጋጥመን ኖሮ ኩለኒ ተምራ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ክፍላችን ውስጥ ደግሞ የቀሩት ልጆች ሲጠብቁ ውለዋል። መምህር ተሊላ በር አጠገብ ያለውን ዴስክ አስወልውለው፣ ሰሌዳው ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ኩለኒ አፕስቴርስ አይደለችም» ብለው ጽፈው ነበር። ስትገባ ሁላቸውም አንድ ላይ ሊያነቡላት ተለማምደዋል። ተረኛው ልጅ ሰሌዳውን አላጠፋም፤ የሂሳቡ መምህርም አይተው ጎኑ ላይ ጽፈው አስተማሩ። መምህር ተሊላ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። እኔ ደረጃውን መውጣቴን አልተውኩም፤ ግን ኩለኒ ፊቷን ከመስኮቱ አዙራ መቀመጥ ጀምራ ነበር። ትምህርት ሳነሣ ስለ ጥልፍ ታወራልኛለች።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ፎቁ የመንግሥት ነው ተባለና ቤተሰቡ በአንድ ጠዋት ወረደ። ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ልመና ለአንድ ቀን ብቻ ያወረዳትን ልጅ አንድ ወረቀት ለዘለቄታው አወረዳት። ከአልጋና ከድስት ጋር ጭነት መኪና ላይ ተቀምጣ ወደ ጉቴ፣ ወደ አያቶቿ ቦታ ስትሄድ እጄን አነሣሁላት። ሸራ ጫማውን አድርጋው ነበር። ፎቁ መሥሪያ ቤት ሆነ። ያኔ ደግሞ ቃሉ ሌላ መልክ ያዘ፤ «ፎቅ ላይ ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ከንፈሩ ይደርቅ ጀመር። እየሮጥን የወጣነውን ደረጃ ትልልቅ ሰዎች ቆብ አውልቀው፣ እየቆሙ ይወጡት ነበር። በኋላም ፈረሰ። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ አለ፤ ከታች ካፌ፣ ከላይ ባንክ። ዋንዛውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። ለማገዶ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

እኔም የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ነጆም፣ ደምቢ ዶሎም፣ እዚሁ ነቀምቴም አስተምሬአለሁ። ያ ቃል በመጣ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ባለ ፎቅ ቤት እሥላለሁ፤ መስኮቱን ባዶ አደርገዋለሁ። የአሁኖቹ ልጆች ሳልነግራቸው ያውቁታል፣ ካርቱን ላይ ሰምተውታል። ለእነሱ ሮጦ የሚወጣበት፣ በር ዘግቶ የሚኮረፍበት ቦታ ነው። ደግሞም «ቱ» አይጨምሩበትም፤ ይህ ያስደስተኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል።

ከእንጨት ሥራ ቤቱ በወጣሁ በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ጉቴ ሄድኩ። ከኩለኒ ጋር ተጠፋፍተን አናውቅም፤ በበዓል፣ በለቅሶ፣ በሠርግ እንገናኛለን። ያንን ቀን ግን አንድም ጊዜ አንስተነው አናውቅም። አባትና እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። የወንድሟ ልጅ በከፈተላት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ፣ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጨውና ክር ትሸጣለች። ከፊት ለፊቷ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ሌላ የሚታይ የለም። «አካም ጅርታ፣ አስኒ! ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?» አለችኝ። ስለ ዋንዛው ሽታ ነገርኳት። ሳቀች። «እኔ እንኳ ረግጬው አላውቅም» አለች። ሰው ገብቶ ሳሙና ገዝቶ ወጣ። ያኔ ነው ያመለጠኝ።

«ድምፄ ቀጭን ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ይሰሙኝ ነበር እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስቃጠል ኖርኩ» አልኳት።

የተዘረዘረውን ብር መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ መሳቢያውን ዘጋችው።

«ያንቺን ድምፅ ተይው። እኔን ሰምተውኛል» አለች። «ራስጌዬን የያዘው ሽማግሌ ነበር። መንታ መንገዱ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ ‹ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እውነት አልታመምሽም? ወዴት ነው የምንወስድሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ዝም አልኩት።»

እጄን ያዘችኝ። እጇ ከልጅነቷም ጀምሮ ጠንካራ ነው።

«ገበያውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም ነበር፣ አስኒ። ከመስኮቴ የሚታየኝ የሰው አናት ነው። ያን ቀን በክርኔ ቀና ብዬ የሰው ፊት አየሁ። ሸክላ የሚሸጡትን አየሁ፣ በሬዎቹን አየሁ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲያይ አየሁ። ቀኙ ትምህርት ቤት መሆኑን አውቃለሁ፣ በመስኮት ሳጠናው ነው የኖርኩት። በግራው በኩል ያለውን ግን አላውቀውም። ትንሽ ልይ ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱማ የት ይሄዳል አልኩ።»